ኮሸር ጠብቆ ሰንበትን በሳቫና ማሳለፍ፦ ከእስራኤልም ከአትላንታም ለሚመጣ ተጓዥ

ሳቫና ከአትላንታ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 150 ሺህ የማይሞላ ነዋሪ ያላት የጆርጂያ ከተማ ናት። አደባባዮቿን ለማየት፣ ከዋርካ በሚተካከሉ ዛፎቿ ላይ እንደ ሽበት የተንዠረገገውን ሐረግ ፎቶ ለማንሳት ሰው ከየአገሩ ይጎርፍባታል። ኒው ዮርክ ወይም ማያሚ የለመደ ኮሸር ጠባቂ፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደውን ምግብ ብቻ የሚበላ ሰው፣ ወደ አንድ ከተማ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምግብ ቤቱ የት ነው?» ብሎ ነው። እንደ ሳቫና ባለች ትንሽ የደቡብ ከተማ ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ጉዞውን የሚያቀናውም የሚያበላሸውም የት እንዳደሩ፣ ለማን አስቀድመው እንደደወሉና በመኪናዎ ዕቃ መጫኛ ምን ስንቅ እንደያዙ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከእስራኤል ለሚመጡ የቤተ እስራኤል ልጆችና አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው ነው፤ የጉዞው መነሻ አትላንታ፣ ቀኑም ከኀሙስ እስከ እሑድ እንደሆነ ታስቦ ተጽፏል።

1. ካርታውን ከምኩራቡ ይጀምሩ

በሳቫና ሦስት ነባር ምኩራቦች አሉ። ሚክቬ እስራኤል በታሪካዊው የከተማዋ ክፍል፣ በሞንተሬይ አደባባይ ላይ የሚገኝ የሪፎርም፣ ማለትም ሕጉን ላላ አድርጎ የሚይዘው ወገን ምኩራብ ነው፤ አጉዳት አሒም የኮንሰርቫቲቭ፣ ማለትም የመካከለኛው ወገን ነው፤ በ1861 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ብናይ ብሪት ጃኮብ ደግሞ የኦርቶዶክስ ነው። (ኦርቶዶክስ ሲባል ተዋሕዶ ትዝ የሚለው አንባቢ ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ ቃሉ ሕጉን እንደ ጥንቱ የሚጠብቀውን የአይሁድ ወገን እንደሚያመለክት ይያዝልኝ።) ከእነዚህ ሌላ ሐባድ የተባለው የኦርቶዶክስ እንቅስቃሴ ቤትም በከተማዋ አለ።

ሰንበትን መኪና ሳይነዱ የሚያሳልፉ ከሆነ የሚያድሩበትን ሰፈር የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ቱሪስት የሚወዳቸው ሆቴሎች በብዛት የተሰበሰቡት በወንዙ ዳርና በአደባባዮቹ ዙሪያ ሲሆን፣ ብናይ ብሪት ጃኮብ ግን በአበርኮርን ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ከሞንተሬይ አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በካርታ ላይ ሲያዩት «ይህማ ምን አላት» ያሰኛል፤ በሐምሌ ወበቅ፣ ሸሚዝ ገላ ላይ በሚጣበቅበት አየር፣ ደርሶ መልስ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግር መጓዝ ግን ለሽማግሌም ለሕፃንም አይሆንም። ስለዚህ ሐሙስ ሌሊትን መሀል ከተማ አድረው ዓርብ ቀን ወደ ምኩራቡ ሰፈር መዛወር አንድ መላ ነው። እኔ ግን ልጆች ላሉት ቤተሰብ የምመክረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያው በምኩራቡ አቅራቢያ ኩሽና ያለው ማረፊያ መያዝን ነው። ሻንጣ ከፍቶ መልሶ መዝጋት የዓርብን ቀን ይበላል።

የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወይም በሰንበት ዕቃ መያዝ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ዔሩቭ (በሰንበት ዕቃ ይዞ መውጣት የሚፈቀድበት፣ በገመድ የተከለለ ክልል) መኖሩንና የትኞቹን ጎዳናዎች እንደሚያካትት ከምኩራቡ ይጠይቁ፤ ገመዱ በማዕበልና በነፋስ ሊበጠስ ስለሚችል፣ ዔሩቩ ለዚያ ሳምንት ደህና መሆኑን ዓርብ ዕለት እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2. ከረቡዕ በፊት ይደውሉ

ወደ ምኩራቡ ጽሕፈት ቤት የሚደረገው ስልክ ከሁሉም እርምጃዎች ይበልጣል፤ ቢቻል ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ረቡዕ ይደረግ። ሲደውሉ ስምዎን፣ ስንት ሰው እንደሚሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡና በመኖሪያ ከተማዎ የሚጸልዩበትን ምኩራብ ይንገሩ፤ ከዚያም የጸሎት ሰዓቱን፣ የመግቢያውን በር፣ ለሰንበት ምግብ የሚጋብዝ ቤተሰብ ካለ፣ በከተማዋ በወቅቱ በቁጥጥር ሥር ያለ የኮሸር ምግብ መሸጫ ካለም ይጠይቁ። የኮሸር ምግብ ቤት በትንሽ ከተማ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ባለቤት ይቀይራል፤ ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙት ዝርዝር የሦስት ዓመት አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛውን የሚያውቀው እዚያው ያለው ረቢ ነው።

ስምዎን አስቀድሞ መናገር ሌላም ምክንያት አለው። በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ምእመናን ከተገደሉ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ምኩራቦች በራቸውን ቆልፈው፣ ዘበኛ አቁመው ነው የሚጸልዩት። ደቡቡም ስጋቱን ቀድሞ ያውቀዋል፤ በአትላንታ የሚገኘው የሪፎርም ምኩራብ በ1958 በቦንብ ተመትቶ ነበር። ዘበኛው እንግዳን ሁሉ ይጠይቃል። ይሁንና ጥቁር የሆነ አይሁዳዊ እንግዳ ከሌላው ሁለት ጥያቄ ተጨምሮ ሊጠየቅ እንደሚችል መደበቅ አያስፈልግም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የደቡብ ምኩራብ በር ላይ፣ ኪፓ የሚባለውን የአይሁድ ቆብ አድርጌ ቆሜ፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ተብዬ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተገትሬያለሁ። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ አስቀድሜ ደውዬ ስለነበር ዘበኛው ገና ከሩቅ በስሜ ጠርቶኝ «ሻባት ሻሎም» አለኝ። መደወሉ የእርስዎ ግዴታ ሊሆን አይገባም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ የሚያድነው ግን ያው መደወሉ ነው።

3. ስንቅ

ከእስራኤል የሚመጣ ሰው ሥጋና የሥጋ ውጤት ይዞ ወደ አሜሪካ ለመግባት አይሞክር፤ ኮሸር መሆኑ በጉምሩክ ዘንድ ለውጥ አያመጣም። እንደ በርበሬና ሽሮ ያለ የደረቀና የተፈጨ ነገር ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ቢሆንም የያዙትን ምግብ ሁሉ በቅጹ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የተመዘገበ ነገር ቢከለከል እዚያው ይቀራል እንጂ አያስቀጣም፤ የተደበቀ ግን ያስቀጣል። በአውሮፕላን ላይ የሚቀርበውን የኮሸር ምግብ ደግሞ ትኬት ሲቆርጡ ይዘዙ፤ ከበረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ደውለው ትእዛዙ መመዝገቡን ያረጋግጡ።

ዋናው ሸመታ የሚከናወነው በአትላንታ ነው። በቶኮ ሂልስ ሰፈር፣ የኦርቶዶክስ ማኅበረሰቡ በሚኖርበት አካባቢ የሚገኘው ክሮገር ሱፐርማርኬት የኮሸር ሥጋ፣ ዳቦና የተዘጋጀ ምግብ ይሸጣል። ዶሮ ወጥ የሚያስቡ ከሆነ የቀዘቀዘ የኮሸር ዶሮ ከዚያ ይግዙና በበረዶ ሣጥን ይዘው ይውረዱ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የኮሸር ዶሮ ደሙ እንዲወጣ አስቀድሞ በጨው ታሽቶ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በለመዱት መጠን ጨው ከጨመሩበት ወጡ አይበላም።

ከቶኮ ሂልስ ብዙም በማይርቀው በክላርክስተን አካባቢ የሐበሻ መደብሮች ስላሉ እንጀራም በርበሬም አይታጣም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ የተፈጨ በርበሬና ቅመም በአብዛኛው አያስቸግርም። «ቁሌት» ተብሎ የተዘጋጀው ግን ንጥር ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከዶሮው ጋር ሲገናኝ ሕጉ የሚከለክለው የሥጋና የወተት መደባለቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁሌቱን ራስዎ በዘይት ያቁላሉ። የተጋገረውን እንጀራ በተመለከተ ምጣዱና ማሰሻው ምን እንደነካው መጠየቅ፣ ጋጋሪዋ አይሁዳዊት ካልሆነች ደግሞ ረቢዎን ማማከር ይገባል። እንዲሁም ጤፍ ከአምስቱ የእህል ዓይነቶች ማለትም ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃና ከመሰሎቻቸው ስላልተቆጠረ፣ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ለሰንበት ማዕድ የዳቦን ቦታ አይተካም። ሁለት ድፎ ዳቦ ወይም ሐላ የሚባለውን የሰንበት ዳቦ ይያዙ።

ከምግቡ ጋር አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ መክተፊያ፣ በዛ ያለ ፎይልና የሚጣል ሳህን ያስፈልግዎታል። ቢላዋውን በሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ ይዘው ወደ አውሮፕላን እንዳይሄዱ።

4. በዕቃው ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ

እዚያው ሳቫና ውስጥ በሚያገኙት ተራ ሱፐርማርኬት፣ ፐብሊክስም ይሁን ክሮገር ወይም ዎልማርት፣ በፋብሪካ ከታሸጉት ምግቦች ብዙዎቹ የኮሸር ምልክት አላቸው። በጣም የተለመደው በክብ ውስጥ የተጻፈው የ«ዩ» ፊደል ነው፤ በክብ ውስጥ «ኬ»፣ በኮከብ ውስጥ «ኬ»፣ እንዲሁም በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው የችካጎ ረቢዎች ምክር ቤት ምልክትም የታወቁ ናቸው። ብቻውን ያለ ምንም ቅርጽ የተጻፈ «ኬ» ግን የማንም የተመዘገበ ምልክት ስላልሆነ፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ሳያውቁ አይመኑበት። ከምልክቱ አጠገብ «ዲ» ካለ ወተት አለበት ማለት ነው። «ፒ» የሚለው ፊደል ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ለፋሲካ የተፈቀደ ማለት እንጂ ከሥጋም ከወተትም ነጻ ማለት አይደለም።

ከእስራኤል ለሚመጣ ሰው እንግዳ የሚሆነው የወተቱ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ኮሸር ጠባቂዎች ብዙዎቹ ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን የመንግሥትን ቁጥጥር መሠረት አድርገው በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከተራው መደብር የሚገዛውን ወተት ይጠጣሉ፤ አይሁዳዊ ቆሞ ያላየውን ወተት የማይጠጡ ከሆነ ግን ከአትላንታ ይዘው መምጣት ወይም ለእነዚያ ቀናት ቡናዎን ጥቁር መጠጣት ነው።

ያልተቆረጠ ፍራፍሬና አትክልት፣ እንቁላል፣ ምንም ያልተጨመረበት ሩዝና ምስር ምልክት አያስፈልጋቸውም። ዓሣ ሲገዙ ቆዳው ያልተገፈፈ፣ ቅርፊቱ የሚታይ ይምረጡ፤ ሻጩንም በራስዎ ቢላዋ እንዲቆርጥልዎ ይጠይቁ። ደቡቦች የሚወዱት በበቆሎ ዱቄት ተነክሮ የተጠበሰው ዓሣ ጣናን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው አይበላም።

5. በመንገድ ላይ፣ ስለ ጎመኑም

ከአትላንታ እስከ ሜከን በአይ-75፣ ከዚያ በአይ-16 እስከ ሳቫና አራት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ከሜከን በኋላ መንገዱ ጥድ በጥድ ነው፤ ነዳጅም ውኃም ሜከን ላይ መሙላት ይሻላል።

በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች «አትክልት ብቻ እበላለሁ» ብሎ መግባት በደቡብ አያዋጣም። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ጎመን የሚሠራበት ኮላርድ የሚባለው ቅጠል የደቡቦችም የዘወትር ምግብ ስለሆነ፣ በሳህን ቀርቦ ሲታይ ቁርጥ የእናትዎን ጎመን ይመስላል፤ ሽታው እንኳ ያሳስታል። አንድ ጊዜ አስተናጋጇን «ምን አለበት?» ብዬ ብጠይቃት፣ ማሰሮውን እስከ ታች ማስላ በጭስ የደረቀ የአሳማ ቁርጭምጭሚት አውጥታ በኩራት አሳየችኝ። ባቄላውም እንደዚያው ነው፤ ብስኩት የሚሉት ለስላሳ ዳቦ በአሳማ ስብ ይለወሳል፤ ግሪትስ የተባለው የበቆሎ ገንፎ በባሕሩ አካባቢ ኮሸር ካልሆነው ከሽሪምፕ ጋር ይቀርባል። ሙዝ፣ ምልክት ያለው ለውዝና ጥቁር ቡና ከነዳጅ ማደያ ገዝቶ መጓዝ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ያሳርፋል።

6. የሆቴሉ ክፍል

ክፍል ሲይዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማቀዝቀዣ፣ ማይክሮዌቭ፣ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ። የሆቴል በር በካርድ ስለሚከፈት በሰንበት ያስቸግራል፤ ኀሙስ ዕለት እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄደው፣ በሃይማኖትዎ ምክንያት ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ምሽት ኤሌክትሮኒክ ነገር እንደማይነኩና ሠራተኛ በር እንዲከፍትልዎ እንደሚፈልጉ በግልጽ ያስረዱ። ዓርብ ማታ በር ላይ ቆሞ ከማስረዳት ኀሙስ ማስረዳቱ ይቀላል፤ የደቡብ ሰው ደግሞ «ሃይማኖቴ ነው» ሲሉት ብዙ አይከራከርም። ብርሃኑና ማቀዝቀዣ አየሩ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ መሆኑን ይመልከቱ፤ የፍሪጁን መብራት ሰንበት ከመግባቱ በፊት ይንቀሉት ወይም በፕላስተር ይሸፍኑት።

ማይክሮዌቩን ለመጠቀም ምግቡን ሁለት ጊዜ መሸፈን፣ መጋገሪያውን ለመጠቀም ምግቡን በድርብ ፎይል መጠቅለል የተለመደ ነው። ሰንበት ሲገባ የሚበራውን ሻማ በክፍል ውስጥ ማብራት ሆቴሎች አጥብቀው ስለሚከለክሉ፣ በመመገቢያ አዳራሹ በብረት ትሪ ላይ እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ ካልሆነ በኤሌክትሪክ አምፖል ስለመባረክ ረቢዎ ምን እንደሚል አስቀድመው ይወቁ።

በሆቴል ሰንበትን የሚያሳልፉ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ምግብ ሲሞቅ የሚያድርበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሆቴሉ ይከለክላል፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ለእኛ ግን መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በጎንደር አያቶቻችን ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተው፣ ሰንበትን በቀዘቀዘ ምግብ ነበር የሚያከብሩት። ድፎ ዳቦ፣ የምስር አዚፋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሰላጣ፣ በዘይት የተሠራ ቀዝቃዛ ዓሣ ቢዘጋጅ ከምድጃው ጣጣ መገላገል ይቻላል። ዶሮ ወጡ ለኀሙስ ማታ ይሁን።

7. ዓርብ

ቀኑን በሁለት ይክፈሉት። ጠዋቱን ለሚክቬ እስራኤል ይስጡት፤ የጉብኝቱን ሰዓት አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ሳቫና በየካቲት 1733 ስትቆረቆር፣ ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ «ዊልያም ኤንድ ሣራ» በተባለች መርከብ 42 አይሁዶች ከለንደን መጡ፤ አብዛኞቹ መሠረታቸው ከፖርቱጋል ነበር። የቅኝ ግዛቱ ኃላፊዎች ለንደን ሆነው መምጣታቸውን ቢቃወሙም፣ ከመካከላቸው ሐኪሙ ሳሙኤል ኑኔስ በወረርሽኝ ሲያልቅ የነበረውን ሰፋሪ ስላከመ፣ የከተማዋ መሥራች ጄምስ ኦግልቶርፕ እንዲቀመጡ ፈቀደ። በዚያ መርከብ የመጣው፣ በአጋዘን ቆዳ ላይ የተጻፈው የኦሪት ጥቅል ዛሬም በምኩራቡ ሙዚየም አለ። በግእዝ የተጻፈውን የብራና ኦሪታችንን ቄሶቹ ሲያነቡ ያየ ሰው እዚያ መስታወት ፊት ሲቆም ቶሎ አይንቀሳቀስም፤ ጊዜ ይመድቡለት። በ1790 ጆርጅ ዋሽንግተን ለሳቫና አይሁዶች የጻፈው ደብዳቤም የምኩራቡ ኩራት ነው። ሕንፃው በ1878 የተመረቀ ሲሆን፣ የጎቲክ አሠራሩ ከውጭ ሲታይ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያስመስለው አልፈውት እንዳይሄዱ። ከዚያ በበል ጎዳና ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ከኦግልቶርፕ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ የ1733ቱን የመጀመሪያ የአይሁድ መቃብር የሚያመለክት ሐውልት በመንገዱ መካከል ቆሟል፤ ከኮሃኒም ወገን የሆነ፣ ማለትም ወደ መቃብር እንዳይቀርብ ሕጉ የሚከለክለው የካህናት ዘር፣ ከመቅረቡ በፊት ረቢውን ይጠይቅ።

ከቀትር በኋላ ሌላ ጉብኝት አይጨምሩ። ወጥ ቤት፣ ገላ፣ ልብስ፣ ከዚያ ሻማ። ለጋበዘዎ ቤተሰብ የሚሰጡትን ወይን ወይም አበባ ዓርብ ቀን በመኪና ያድርሱ፤ ወይኑ የኮሸር ምልክት ያለበትና ያልተከፈተ ይሁን።

ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሰኔ መጨረሻ በሳቫና ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ 8፡34 ገደማ ስለሆነ ሻማ የሚበራው 8፡16 ላይ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡16 ላይ ነው፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ግን በዚሁ በእኛ አቆጣጠር ከ11፡00 በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ለአክስቴ በስልክ «ሻማው ስምንት ከሩብ ላይ ነው» ብያት፣ እሷ እንደ አገሯ ሰዓት ቆጥራ በጠራራ ፀሐይ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻማዋን አብርታ፣ ስንገባ «የት ቆያችሁ?» ብላ ተቆጥታናለች። በዚያ ላይ ያ ሰዓት ለሻማ በረከት ገና ነበርና፣ ረቢውን ጠይቀን ማታ እንደገና አበራች። ለቤተሰብዎ ሰዓቱን ሲነግሩ «ከምሽቱ» የሚለውን አይርሱ።

8. ሰንበትና እሑድ

ጠዋት ወደ ምኩራብ ሲሄዱ ኮፍያና ውኃ የሚያስፈልግ መሆኑን አስበው ቀድመው ይውጡ። ጸሎቱ አልቆ ኪዱሽ የሚባለው የወይን ቡራኬና መክሰስ ሲደረግ ጥግ ይዘው አይቁሙ፤ በትንሽ ከተማ እንግዳ ዜና ነውና ከየት እንደመጡ፣ ማንን እንደሚያውቁ ይጠየቃሉ። ስለ ቤተ እስራኤል ሰምተው የማያውቁም፣ ከመጠን በላይ ሰምተው ለመምከር የሚዳዳቸውም ያጋጥማሉ። ለሁለቱም አጭር መልስ ይበቃል።

ሰንበት ወጥቶ ሃብዳላ የተባለው የሰንበት መሸኛ ጸሎት ካለቀ በኋላ ከዋክብት ሥር ባሉት አደባባዮች መመላለስ ይቻላል፤ ከተመሠረቱት 24 አደባባዮች 22ቱ ዛሬም አሉ። በመኸር ወራት የሚሄድ ሰው በፎርሳይት መናፈሻ የሚክቬ እስራኤል ማኅበር በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን «ሻሎም ያል» የተባለውን የአይሁድ ምግብ ፌስቲቫል ሊያገኝ ይችላል። የአይሁድ ምግብ መሆኑና ኮሸር መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ስለሆነ፣ ከመብላትዎ በፊት የቁጥጥሩን ሁኔታ ከየድንኳኑ ይጠይቁ። እሑድ ወደ ሰሜን ለመቀጠል ያሰበ ሰው ቻርለስተንን በሁለት ሰዓት ገደማ ያገኛታል፤ በቻርለስተን ኮሌጅ ውስጥ በ2016 የተከፈተው ማርቲስ ፕሌስ ኮሸርና ሥጋ የሌለበት መመገቢያ ነው፤ ኮሌጁ ትምህርት ላይ መሆኑንና ለውጭ ሰው ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።